የቬፕ ባትሪ ስትገዙ ከአቅሙ በፊት አምፒሩን እዩ

ሁለት ባትሪ ጎን ለጎን አስቀምጡ። መጠናቸው አንድ ነው። ሁለቱም 18650 ናቸው፤ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት። አንዱ ላይ 2500 ሚሊአምፒር-ሰዓት ተብሎ ተጽፏል። ሌላው ላይ በደማቅ ቀለም 9900 ተጽፏል፣ ዋጋውም ረከስ ይላል። ስለ ባትሪ ብዙ የማያውቅ ሰው እጁ ወደ 9900ው ቢሄድ አይፈረድበትም። ግን ያ ቁጥር ነጭ ውሸት ነው። ትልልቆቹ አምራቾች በዚህ መጠን ለዓመታት ሲሠሩት የኖሩት ትልቁ አቅም 3500 እና 3600 አካባቢ ነው። 9900 የሚለውን የጻፈው ባትሪውን የሠራው ሰው ሳይሆን ባትሪው የለበሰውን ላስቲክ ያተመው ሰው ነው።

ቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ማጨስ ለጤና ምን ያደርጋል የሚለው ራሱን የቻለ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ እዚህ አላነሳውም። የማነሳው አንድ ነገር ነው። ኪስ ውስጥ የሚገባ፣ ፊት አጠገብ የሚያዝ መሣሪያ ባትሪው እንዴት ይመረጣል? የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት ከ2009 እስከ 2016 በአገሪቱ መገናኛ ብዙኃን የተዘገቡ 195 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ቃጠሎዎችና ፍንዳታዎች ተቆጥረዋል። 62 በመቶው የደረሱት መሣሪያው ወይም ባትሪው ኪስ ውስጥ እያለ፣ ወይም ሰው እየተጠቀመበት ሳለ ነው። ስለዚህ ጉዳቱ የሚያርፈው ጭን፣ እጅና ፊት ላይ ነው።

አቅም ሌላ፣ አምፒር ሌላ

አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ቁጥር አቅሙን ነው። በሚሊአምፒር-ሰዓት የሚለካው ይህ ቁጥር ባትሪው አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ምን ያህል እንደሚያቆይ ይነግረናል። ለደህንነት የሚያስፈልገን ግን ሌላኛው ነው፦ ባትሪው ሳይጎዳ ያለማቋረጥ ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛው ከረንት። እሱ የሚለካው በአምፒር ነው።

በርሜል አስቡ። ስንት ሊትር ይይዛል የሚለው አቅሙ ነው። ከታች የተገጠመለት ቧንቧ ስፋት ደግሞ አምፒሩ ነው። ትልቅ በርሜል ቀጭን ቧንቧ ሊኖረው ይችላል። ልዩነቱ ይሄ ነው፦ ቀጭን ቧንቧ ከሚችለው በላይ አያሳልፍም። ባትሪ ግን ከሚችለው አምፒር በላይ ሲጠየቅ እምቢ ማለት አያውቅም። ይሰጣል፤ እየጋለ ይሰጣል።

ደግሞ ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ላይ ከፍ ማድረግ ከባድ ነው። የባትሪው ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ቦታ የተወሰነ ነው። አምራቹ ብዙ ኃይል ማጠራቀም ከፈለገ ኃይል የሚይዘውን ንብርብር ያወፍራል። ብዙ ከረንት እንዲወጣ ከፈለገ ደግሞ ንብርብሩን አሳስቶ ከረንት የሚያስተላልፈውን ብረት ይጨምራል። አንዱን ሲያገኝ ከሌላው ይቀንሳል። ለዚህ ነው የሳምሰንግ 35ኢ 3500 ሚሊአምፒር-ሰዓት ይዞ ያለማቋረጥ የሚሰጠው 8 አምፒር ብቻ የሆነው። የዚያው ኩባንያ 25አር ደግሞ 2500 ብቻ ይይዛል፤ ግን 20 አምፒር ይሰጣል። መሐል ላይ የኤልጂ ኤችጂ2 አለ፤ 3000 ይዞ 20 አምፒር። ስለዚህ "ብዙ የሚያቆየውን ስጠኝ" ብሎ የሚገዛ ሰው ሳያውቀው ቀጭኑን ቧንቧ እየመረጠ ሊሆን ይችላል።

ተለቅ ያለ መሣሪያ ያላቸው ሰዎች 21700 የሚባለውን ይጠቀማሉ። 21 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 70 ሚሊሜትር ርዝመት አለው። ቦታው ስለሚሰፋ ሁለቱም ቁጥር ከፍ ይላል። የሞሊሴል ፒ42ኤ ለምሳሌ 4200 ይዞ በአምራቹ መግለጫ መሠረት እስከ 45 አምፒር ይሰጣል። መሣሪያችሁ ሁለቱንም መጠን የሚቀበል ከሆነ እኔ የምመርጠው 21700ን ነው። ያው ሥራ ለእሱ ይቀለዋል፤ ሙቀቱም ይቀንሳል።

ከአሮጌ ላፕቶፕ ተፈቶ የወጣ ባትሪ ግን ለቬፕ አይሆንም። ቅርጹ አንድ ስለሆነ ልክ ይገባል። የተሠራው ግን ትንሽ ከረንት ለረጅም ሰዓት እንዲሰጥ ነው። ዕድሜውንና ያሳለፈውን የሚያውቅ ሰውም የለም።

ሲግል ውስጡ ምን ይሆናል?

ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ረጅም ሪባን ነው፤ ተጠቅልሎ የገባ። ፖዘቲቭ ንብርብር አለ፣ ኔጋቲቭ ንብርብር አለ። መሐላቸው የሚለያያቸው ስስ ፕላስቲክ አለ። ውፍረቱ በአብዛኛው ከአንድ ሚሊሜትር ሃምሳኛ እጅ አካባቢ ነው። ሁሉም ነገር ኤሌክትሮላይት በሚባል ፈሳሽ የራሰ ነው። ፈሳሹ ደግሞ ተቀጣጣይ ነው።

ባትሪው ከመጠን በላይ ሲግል ያ ስስ ፕላስቲክ መቅለጥ ይጀምራል። ፖሊኤቲሊን የሚባለው ዓይነት የሚቀልጠው 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። መለያው ከተበላሸ ሁለቱ ንብርብሮች ይነካካሉ። ሲነካኩ ሙቀት ይጨምራል፤ ሙቀቱ የኬሚካል ለውጥ ያስነሳል፤ ለውጡ እንደገና ሙቀት ያወጣል። ከዚህ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ከረንት አያስፈልገውም። ባትሪውን ከመሣሪያው ብታወጡትም አይቆምም፤ ራሱን በራሱ ያነዳል።

ጥሩ ባትሪ ለዚህ የተዘጋጀ መከላከያ አለው። የውስጥ ግፊት ሲጨምር ግንኙነቱን የሚቆርጥ ክፍል አለው። ያም ካልበቃ ጋዙ በተዘጋጀለት ቀዳዳ ይወጣል። ፎርጅድ ባትሪ ላይ ግን እነዚህ ክፍሎች መኖራቸውን ማረጋገጥ አይቻልም። መሣሪያውም ራሱ ማስተንፈሻ ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል። ጋዙ መውጫ ያጣ እንደሆነ የብረቱ ቱቦ ይፈነዳል፤ አፍ ላይ የሚገባው ክፍል ተወርውሮ ሊመታ ይችላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 ሰዎች የሞቱት እንዲህ ባለ ፍንዳታ ነው። መሣሪያ ስትገዙ ቀዳዳዎቹ የት እንዳሉ ፈልጋችሁ እዩ፤ ቆሻሻ እንዳይደፍናቸውም ተከታተሉ።

መሣሪያችሁ ስንት አምፒር ይስባል?

ይሄን ሳያውቁ ባትሪ መምረጥ አይቻልም። ሂሳቡ ደግሞ ቀላል ነው፤ ስልክ ላይ ባለው ካልኩሌተር ይሠራል። መጀመሪያ መሣሪያችሁ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለዩ።

አንደኛው ምንም የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ የሌለው፣ ባትሪውን በቀጥታ ከኮይሉ (ፈሳሹን አሙቆ ወደ እንፋሎት ከሚቀይረው ሽቦ) ጋር የሚያገናኘው ነው። መካኒካል ይባላል። እዚህ ቮልቱን ለኮይሉ ኦም (ከረንትን ለሚቋቋምበት መጠን) ማካፈል ነው። ሙሉ ቻርጅ የሆነ ባትሪ 4.2 ቮልት ነው። ኮይሉ 0.5 ኦም ከሆነ 8.4 አምፒር ይስባል፤ ይሄ ለብዙ ጥሩ ባትሪ ቀላል ነው። 0.2 ኦም ከሆነ 21 አምፒር ይሆናል፤ ባለ 20 አምፒሩን ባትሪ አለፈው ማለት ነው። 0.1 ኦም ከሆነ 42 አምፒር! ያን ያለማቋረጥ የሚችል 18650 አላውቅም። አንዳንዱ መካኒካል ደግሞ ሁለት ባትሪ በሲሪስ፣ ማለትም አንዱን ከሌላው ጀርባ፣ ያያይዛል። ያኔ ቮልቱ 8.4 ይሆናል። በዚያው 0.2 ኦም ኮይል እያንዳንዱ ባትሪ 42 አምፒር ይጠየቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ባትሪው ሁለት ስለሆነ ሸክሙ የሚካፈል ይመስለዋል፤ በሲሪስ ሲሆን ግን ከረንቱ አይካፈልም፤ ሁሉም በሁለቱም ውስጥ ያልፋል።

መካኒካሉ መሣሪያ ሾርት ቢፈጠር የሚያቆመው ነገር የለውም። አዝራሩ ኪስ ውስጥ ተጭኖ ቢቀርም እንደዚያው። ይህን ሂሳብ በደንብ ለማያውቅ ሰው አልመክረውም፤ ለሚያውቀውም ቢሆን በጥንቃቄ ነው።

ሁለተኛው ስክሪንና የዋት ማስተካከያ ያለው ነው። እዚህ የኮይሉን ኦም እርሱት። ባትሪው የሚያየው ዋቱን ብቻ ነው። ዋቱን ለባትሪዎቹ ብዛት አካፍሉ፤ ከዚያ ለ3.2 ቮልት አካፍሉ፤ መሣሪያው ራሱ የሚያባክነውን ለማካካስ ደግሞ ለ0.9 አካፍሉ። አንድ ባትሪ ባለው መሣሪያ 60 ዋት ብታጨሱ 60 ለ3.2 ሲካፈል 18.75 ይመጣል። እሱ ለ0.9 ሲካፈል 20.8 አምፒር ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ባለ 20 አምፒር ባትሪ 60 ዋት ላይ ከጣሪያው አልፏል። በዚያው ባትሪ 40 ዋት ብታደርጉት 13.9 ይሆናል፤ ምቹ ነው። ሁለት ባትሪ ያለው ላይ 80 ዋት ማለት ለእያንዳንዱ 40 ዋት ማለት ነው፤ ሂሳቡ ያው ነው።

ለምን በ4.2 ሳይሆን በ3.2 ተካፈለ? ባትሪው እየወረደ ሲሄድ ቮልቱ ይቀንሳል። መሣሪያው ግን ያንኑ 60 ዋት መስጠት አለበት፤ ስለዚህ የጎደለውን ቮልት በከረንት ይሞላዋል። በመካኒካሉ ባትሪው በጣም የሚጨነቀው ሙሉ ሲሆን ነው። በዚህኛው ግን ሊያልቅ ሲል ነው። ቻርጁ ወደ ታች ሲወርድ መሣሪያው ሞቅ ካለባችሁ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል። ዋቱን ቀንሱ ወይም ባትሪውን ቻርጅ አድርጉ።

ከሂሳቡ በኋላ ባትሪ ስትመርጡ ጥቂት ትርፍ ተዉ። 18 አምፒር ከፈለጋችሁ 18 የሚለውን አትግዙ፤ 25 የሚሰጠውን ፈልጉ። ባትሪ እያረጀ ሲሄድ የሚችለው ይቀንሳልና።

ላስቲኩ ላይ የተጻፈው የማን ቃል ነው?

በዓለም ላይ ጥሩ ሴል፣ ማለትም ነጠላውን ባትሪ፣ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ጥቂት ናቸው። ሳምሰንግ ኤስዲአይ፣ ኤልጂ፣ ፓናሶኒክ፣ ሞሊሴል፣ እንዲሁም የሶኒን የባትሪ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2017 የተረከበው ሙራታ ከታወቁት ናቸው። ለቬፕ ተብለው የሚሸጡ ብዙ ስሞች ግን ፋብሪካ የላቸውም። ከእነዚህ ወይም ከሌሎች ሴል ይገዛሉ፣ የራሳቸውን ላስቲክ ያለብሳሉ፣ የራሳቸውን ቁጥር ያትማሉ። አንዳንዱ በታማኝነት ይሠራል። ብዙው ግን ቁጥሩን ያጋንናል። ውስጡ ያለው ሴል የፋብሪካው ሁለተኛ ደረጃ ምርት ሊሆንም ይችላል።

የሶኒ ቪቲሲ6ን እንይ። 3000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ይይዛል። አምራቹ ያለማቋረጥ ይሰጣል ያለው 15 አምፒር ነው። ከዚያ ሌላ 30 አምፒር የሚል ቁጥርም አለው፤ ግን ቅድመ ሁኔታ አለበት። የባትሪው ሙቀት 80 ዲግሪ ሲደርስ መቆም አለበት። የቬፕ መሣሪያ የባትሪውን ሙቀት እንዲህ ተከታትሎ አያቆምም። ላስቲክ አልባሹ ግን ቅድመ ሁኔታውን ትቶ 30ውን ብቻ በትልቁ ያትማል። ጭራሽ ከፍ የሚያደርገውም አለ።

አንዳንዱ ደግሞ "ፐልስ" ብሎ ትልቅ ቁጥር ይጽፋል። ለቅጽበት የሚሰጠው ከረንት ማለት ነው። ቅጽበቱ ስንት ሴኮንድ ነው? በመሐል ስንት ሴኮንድ ያርፋል? ሁሉም የሚስማማበት መለኪያ የለም። እያንዳንዱ እንደፈለገ ይሞላዋል። ስለዚህ ፐልስን እንደሌለ ቁጠሩት፤ ያለማቋረጥ የሚሰጠውን ብቻ እመኑ።

ትክክለኛውን ቁጥር የምታገኙት አምራቹ ለእያንዳንዱ ሞዴል ከሚያወጣው የቴክኒክ መግለጫ ነው። የሞዴሉን ስም በሙሉ ጽፋችሁ ፈልጉ። መግለጫ የሌለው ባትሪ፣ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ባትሪ ነው። እሱ ምንም ቢረክስ ተዉት።

ፎርጅድ ግን የታወቁትንም ስም ይለብሳል። ስለዚህ ሚዛን ላይ አድርጉት። ትክክለኛ 18650 በአብዛኛው ከ45 እስከ 50 ግራም፣ 21700 ደግሞ 70 ግራም አካባቢ ይመዝናል። 30 ግራም የሚመዝን 18650 ካገኛችሁ ውስጡ ያለው ነገር ጎዶሎ ነው። እንዲህ ያሉት ሲከፈቱ ውስጣቸው ትንሽ ሴል ተደብቆ፣ የቀረው ቦታ በዱቄት መሰል ነገር ተሞልቶ የተገኘበት ጊዜ አለ። እናንተ ግን እንዳትከፍቱት። ጽሑፉንም አጥርታችሁ እዩ። ፊደሉ የተዛባ፣ ቀለሙ የሚለቅ፣ ከላይ ያለው የብረት ቅርጽ ከአምራቹ ፎቶ የማይመሳሰል ከሆነ አትውሰዱት። ሻጩን ከየት እንዳመጣው ጠይቁት፤ የሚያውቅ ሻጭ ይነግራችኋል።

ከሞዴሉ ስም በፊት የሚጻፉት ፊደላትም ትርጉም አላቸው። አይኤንአር እና አይኤምአር የሚሉት ብዙ ከረንት ለሚፈልግ ሥራ የሚስማማ ኬሚካል ያላቸው ናቸው። አይሲአር የሚለው የድሮው የኮባልት ዓይነት ነው። ሲበላሽ ይበልጥ ኃይለኛ ስለሆነ ለቬፕ አትግዙት። ፊደሉ ብቻውን ግን አይበቃም፤ አይኤንአር ሆኖ 8 አምፒር ብቻ የሚሰጥ አለ። 35ኢ ራሱ እንደዚያ ነው።

አንድ የማልሸፋፍነው ነገር አለ። ሴል አምራቾቹ ራሳቸው ምርታቸው በነጠላ ለቬፕ ተጠቃሚ እንዲሸጥ አይፈልጉም። እነሱ የሚሠሩት መከላከያ ሰርኪዩት ባለው ጥቅል ውስጥ ለሚያስገቡ ኩባንያዎች ነው። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ሰዎች ነጠላ 18650 ሴል ገዝተው እንዳይጠቀሙ አስጠንቅቋል። ስለዚህ ከዚህ ሁሉ ሂሳብ ጋር መኖር የማይፈልግ ሰው ባትሪው አብሮት የተገጠመ፣ ዩኤል 8139 በሚባለው የኤሌክትሪክ ደህንነት መስፈርት ያለፈ መሣሪያ ቢይዝ ይሻለዋል። ነጠላ ባትሪ የሚጠቀም ግን ኃላፊነቱ የራሱ መሆኑን አውቆ ይግባበት።

ሚሊሜትር የማትሞላው ላስቲክ

ባትሪውን አቁሙትና ከላይ ተመልከቱት። መሐል ላይ ያለችው የብረት ክብ ፖዘቲቭ ናት። ዙሪያዋን አብዛኛውን ጊዜ ነጭ የሆነ የወረቀት ወይም የፕላስቲክ ቀለበት አለ። ከቀለበቱ ውጭ ያለው የቆርቆሮው ጠርዝስ? እሱ ኔጋቲቭ ነው። ከታች እስከ ላይ ያለው ቆርቆሮ በሙሉ ኔጋቲቭ ነው። አናቱ ላይ ሁለቱን የሚለያቸው ያ ቀለበትና ስሱ ላስቲክ ብቻ ናቸው።

ብዙ ሰው ኔጋቲቩ ታች ብቻ ያለ ስለሚመስለው ላስቲኩን እንደ ጌጥ ያየዋል። ላስቲኩ አናቱ ላይ በጥቂቱ ከተቀደደ፣ ባትሪው መሣሪያው ውስጥ ሲገባ የመሣሪያው ብረት ሁለቱንም ሊነካ ይችላል። ያኔ ሾርት ይሆናል። ልክ እንደዚሁ ባትሪ ከቁልፍ ወይም ከሳንቲም ጋር ኪስ ውስጥ ከተጣለ ቁልፉ ድልድይ ይሆናል። ከኪስ ውስጥ ለሚነሱት ቃጠሎዎች አንዱ ዋና ምክንያት ይሄ ነው። መከላከያው ደግሞ ከሁሉም የሚረክሰው ነገር ነው፤ ትንሽ የፕላስቲክ መያዣ። ትርፍ ባትሪ ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ ያለ መያዣ አትውጡ።

የተቀደደ ላስቲክ ያለ ችግር ይቀየራል። አዲሱ ላስቲክ በሙቀት የሚሰበሰብ ዓይነት ነው፤ ቀለበቱንም አብራችሁ ቀይሩ። ቆርቆሮው ራሱ የተጎዳ፣ የተጠመዘዘ ወይም ያበጠ ከሆነ ግን ምንም አይጠገንም።

ቻርጅ ሲደረግ

ቻርጀሩ 4.2 ቮልት ላይ ራሱ የሚያቆም መሆን አለበት። ለ18650 ከ1 አምፒር ብዙም ያላለፈ ፍጥነት በቂ ነው፤ ቸኩላችሁ ባትሪውን አታሙቁት። ከአጠገቡ ሳትርቁ፣ ከአልጋና ከመጋረጃ ውጭ፣ በማይቀጣጠል ነገር ላይ አድርጉት። ተኝታችሁ አትተዉት። ከ0 ዲግሪ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ቻርጅ ማድረግ ባትሪውን ውስጥ ለውስጥ ይጎዳዋል።

ከ2.5 ቮልት በታች የወረደ ባትሪም ያሳስባል። በጣም ሲወርድ ውስጡ ያለው መዳብ መሟሟት ይጀምራል። እንደገና ቻርጅ ሲደረግ ያ መዳብ በማይገባው ቦታ ይቀመጥና መለያውን ሊበሳው ይችላል። መሳቢያ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ዜሮ የገባ ባትሪን "ላስነሳው" ብላችሁ አትልፉ።

ሁለት ባትሪ የሚይዝ መሣሪያ ካላችሁ ጥንዶቹ አንድ ዓይነት፣ በአንድ ቀን የተገዙ፣ አብረው የሚገቡና አብረው የሚወጡ ይሁኑ። ቁጥር ጻፉባቸው። አሮጌና አዲስ ከተጣመሩ አሮጌው ቀድሞ ያልቃል፤ አዲሱ ደግሞ እየገፋ ከሚገባው በታች ያወርደዋል።

አውሮፕላን ስትሳፈሩ መሣሪያውም ትርፍ ባትሪውም በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው። ወደ ጭነት የሚገባ ሻንጣ ውስጥ ማድረግ ክልክል ነው። እሳት ቢነሳ እዚያ የሚደርስለት የለምና።

እጃችሁ ላይ ያለ ባትሪ ድንገት መጋል ከጀመረ፣ ሲፍ የሚል ድምፅ ካሰማ ወይም ጣፋጭ የኬሚካል ሽታ ካወጣ፣ ሌላ ነገር ከሚነድበት ቦታ አርቃችሁ ጣሉትና ሽሹ። ጭሱን አትተንፍሱት፤ መርዛማ ጋዝ አለበት። ከቀዘቀዘ በኋላም መልሳችሁ አትጠቀሙበት።

ያረጀ ባትሪ ምልክቱ ብዙ ነው። ቶሎ ያልቃል፣ ቀድሞ በማይሞቅበት ዋት ይሞቃል፣ ከቻርጀር ወጥቶ ሳይነካ እንኳ ቮልቱ ይወርዳል። አንዱን ካያችሁ ይበቃል። ሁለቱን ጫፍ በፕላስተር ሸፍኑና ያገለገሉ ባትሪዎችን ለሚሰበስብ አካል ስጡ። ከቤት ቆሻሻ ጋር እንዳይሄድ፤ የቆሻሻ መኪናው ሲጨፈልቀው እሳት ያስነሳል።